መልስ፦ ዊንዶውስ 11 አልቀበል ያለ አሮጌ ላፕቶፕ

ላፕቶፕህ ዊንዶውስ 11 አልቀበል ካለ፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ሊኑክስ ሚንት የሚባል ነፃ ሲስተም ጫንበት። «4 ጊጋ ራም ነው፣ የምጠቀመው ለብሮውዘር፣ ለፊልምና ለልጆች የቤት ሥራ ነው» ካልክ ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር የለውም። ከሚንት ዓይነቶች ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለውን ምረጥ። ዊንዶውስ 10 ላይ መቆየትም ትችላለህ፤ ግን ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል።

ከመጫንህ በፊት ሞክረው፦

1. የሚንትን መጫኛ ፋይል አውርደህ ሩፈስ በሚባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ጻፈው። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል።
2. ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነሳው። ሚንት የውስጡን ዲስክ ሳይነካ ይከፈታል።
3. ዋይፋዩን፣ ድምፁንና የአማርኛ ኪቦርዱን እይ። ከሠሩ ጫነው።

ፒችትሪ (የሂሳብ ፕሮግራም) ወይም ፓወር ግእዝ (የአማርኛ መጻፊያ) የምትሠራበት ከሆነ ግን ዊንዶውሱን አትንካ። እነሱን ሊኑክስ ላይ በሌላ መንገድ አስኬዳለሁ ማለት ትርፉ ራስ ምታት ነው።

አሁን የመብራቱ ጉዳይ። እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የሰፈሩን መብራት ታውቀዋለህ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ሶኬት ላይ ሰክቼ ማታ 2 ሰዓት ላይ መጫን ጀመርኩ። መጫኑ ግማሽ ሲደርስ መብራቱ ድርግም! ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፋ ብዬው ስለነበር ዊንዶውሱም የለ፣ ሊኑክሱም የለ። ሊኑክሱን በማግስቱ እንደገና ጫንኩት፤ የልጄ የልደት ፎቶዎች ግን በዚያው ቀሩ።

ስለዚህ ፎቶና ሰነድህን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ገልብጥ። ባትሪህ ግማሽ ሰዓት የማይዝ ከሆነ ደግሞ ጄኔሬተር ያለው ቦታ ወስደህ ጫነው።