መንደሩን ሳታገኙ ባሕር አትሻገሩ፦ የፖላንድ ስደተኞችን ዘር በካውንቲ መዝገብ ስለመፈለግ ጥያቄና መልስ

አወያይ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። አሜሪካ ካለነው መካከል የትዳር ጓደኛው ወይም የልጆቹ አያት ከፖላንድ ስደተኞች የሚወለድ አለ። ልጆቻችን በእኛ በኩል ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። በሌላው ወገን ግን አያት ላይ ያቆማሉ። ዛሬ የሚመልሱልን ጋሼ ናቸው። የሚኖሩት ቺካጎ ነው፤ ባለቤታቸው የፖላንድ ዘር ናቸው። የሚስታቸውን ቤተሰብ ሲፈልጉ ከሃያ ዓመት በላይ ከካውንቲ (ከስቴት በታች ያለ የአካባቢ አስተዳደር) መዝገብ ቤት አልጠፉም። ቀኖቹም ወሮቹም ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ጠይቁ።

ጋሼ፦ አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። "ከፖላንድ ነው የመጡት" የሚለው ብቻውን የትም አያደርስም። የሚያስፈልጋችሁ የመንደሩ ስም ነው። ያ ስም ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚሁ አሜሪካ፣ ሰውየው በኖረበት ካውንቲ ወረቀት ውስጥ ነው። መንደሩን ሳታገኙ ባሕር አትሻገሩ። እሺ፣ ቀጥሉ።

ቤዛ (ሚልዋኪ)፦ ጋሼ፣ የባለቤቴ ቅድመ አያት ቺካጎ ነበሩ። በ1910 የሕዝብ ቆጠራ ላይ አገኘኋቸው። የትውልድ አገር በሚለው ቦታ "ራሺያ" እና "ፖሊሽ" ይላል። ቤተሰቡ ግን "እኛ ራሺያዊ አይደለንም" ብለው ሙግት ይዘዋል። የዜግነት ዓምዱ ላይ ደግሞ "ፒ ኤ" የሚሉ ሁለት ፊደላት አሉ። ምን ማለት ነው?

ጋሼ፦ ጎሽ ቤዛ። ጥያቄ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። ቦታ አለ፣ ዓመት አለ፣ ሰነድ አለ።

ቤተሰቡም ቆጣሪውም ልክ ናቸው። ራሺያ፣ ፕሩሺያና ኦስትሪያ ፖላንድን ከ1772 እስከ 1795 በሦስት ዙር ተቀራመቷት። እስከ 1918 ድረስ ነጻ የፖላንድ መንግሥት አልነበረም። ስለዚህ ወረቀቱ "ራሺያ" ካለ በዋርሶ በኩል ያለው ምድር ሊሆን ይችላል። "ጀርመን" ወይም "ፕሩሺያ" ካለ በፖዝናን በኩል። "ኦስትሪያ" ካለ ጋሊሺያ፣ ክራኮቭ በኩል። ይህን በደንብ ያዙት። ወደፊት የምታገኙት መዝገብ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

"ፒ ኤ" ደግሞ የምሥራች ነው። የመጀመሪያውን ወረቀት አውጥቷል ማለት ነው። "ኤ ኤል" ቢል ገና ምንም አልጀመረም። "ኤን ኤ" ቢል ዜግነቱን ጨርሷል። የመጀመሪያ ወረቀት የሚባለው "ዜጋ ለመሆን አስቤያለሁ" ብሎ ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚፈርመው ነው። ቢያንስ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ አገር ውስጥ አምስት ዓመት ሲሞላው፣ ሁለት ምስክር ይዞ ሁለተኛውን ማመልከቻ ያስገባል።

አሁን አንድ ቀን ጻፊ። መስከረም 27 ቀን 1906። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፍርድ ቤት የየራሱ ቅጽ ነበረው። ብዙው "የራሺያን ዛር ክጃለሁ" ከማለት አያልፍም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቅጹ በመላው አገሪቱ አንድ ሆነ። የተወለደበት ቦታና ቀን፣ ቁመት፣ ክብደት፣ የዓይን ቀለም፣ ልዩ ምልክት፣ አሜሪካ ሳይመጣ የኖረበት የመጨረሻ ከተማ፣ መርከቡ፣ የደረሰበት ወደብ። ከ1929 ወዲህ ፎቶግራፍም አለው።

የሚስቴን አያት ወረቀት ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። ጸሐፊው ስሙን በእንግሊዝኛ ጆሮው እንደሰማው ጽፎታል። ከታች ግን ሰውየው በገዛ እጁ ፈርሟል። እጁ እንደከበደው ያስታውቃል፤ ፊደሎቹ ይንቀጠቀጣሉ። ግን የጻፈው በፖላንድኛ ነው። "ኤል" ፊደል ላይ የምትሰረዘዋን ጭረት እንኳ አልተዋትም። ልዩ ምልክት በሚለው መስመር ደግሞ "የግራ እጅ አመልካች ጣት ግማሹ የለም" ይላል። ባለቤቴ እዚያ ስትደርስ አለቀሰች። ልጅ ሆና መንገድ ሲያሻግሯት የምትይዘው ያንን ጣት ነበር። ስለዚህ ፊርማውን እዩ። ጸሐፊው ከጻፈው ስም ይልቅ ፊርማው ይታመናል።

ቤዛ፦ የሚስትየውስ?

ጋሼ፦ እስከ መስከረም 1922 ድረስ ባል ዜጋ ሲሆን ሚስትም አብራ ትሆን ነበር። የራሷ ወረቀት የላትም ማለት ይቻላል። የእሱን ፈልጊ።

ዮናስ (ዳላስ)፦ ሰላም ጋሼ፣ የባለቤቴ ቤተሰቦች ከፖላንድ ናቸው። ከየት ልጀምር?

ጋሼ፦ የትኛው ካውንቲ? በየትኛው ዓመት? እነዚህን ይዘህ ተመለስ።

ብሩክ (ፊላደልፊያ)፦ የአማቴ አባት በ1899 ሉዘርን ካውንቲ፣ ፔንስልቬንያ ነው የተወለዱት። አባታቸው ከሰል ቆፋሪ ነበሩ። ስቴቱን የልደት ወረቀት ስጠይቅ "የለም" አሉኝ።

ጋሼ፦ እንዴት ይኖራል? ፔንስልቬንያ በስቴት ደረጃ ልደትና ሞት መመዝገብ የጀመረችው በ1906 ነው። ከ1893 እስከ 1905 ያለው ካውንቲው ጋ ነው። ብዙ ሰው ስቴቱ "የለም" ሲለው ጨርሶ የሌለ ይመስለውና ይተወዋል። የለም ማለት እኛ ጋ የለም ማለት ነው። የወላጆቹንም ጋብቻ እዚያው ፈልግ፤ የጋብቻ ፈቃድ ከጥቅምት 1885 ጀምሮ በካውንቲ ይሰጥ ነበር።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ስክራንተን ያለችበት ላካዋና ካውንቲ ከሉዘርን የተገነጠለው በ1878 ነው። ቤተሰቡ ቤት ሳይቀይር ካውንቲ ሊቀይር ይችላል።

የጋብቻውን ፈቃድ ስታገኝ ያጋባውን ቄስ ስም እይ። ያ ስም ቁልፍ ነው። ካውንቲው ስለ ሙሽራው "ፖላንድ" ወይም "ኦስትሪያ" ብሎ ያልፋል። ቄሱ ግን የአገሩ ሰው ስለሆነ በደብሩ መዝገብ ላይ መንደሩን ሊጽፍ ይችላል። የቄሱን ስም ይዘህ በዚያ ዓመት የከተማው አድራሻ መጽሐፍ ላይ ደብሩን ታገኛለህ። በካውንቲ ትገባለህ፣ በቄሱ በኩል ቤተ ክርስቲያን ትደርሳለህ፣ ከቤተ ክርስቲያን መንደሩን ይዘህ ትወጣለህ።

ብሩክ፦ ጋሼ፣ የላቲመሩም ግድያ እዚያ ካውንቲ ነው አይደል?

ጋሼ፦ አዎ፣ መስከረም 10 ቀን 1897። የሸሪፉ ሰዎች መሣሪያ ባልያዙ ሰልፈኛ ማዕድን ቆፋሪዎች ላይ ተኩሰው 19 ሰው ገደሉ። ፖላንዳውያን፣ ስሎቫኮችና ሊትዌንያውያን ነበሩ። እዚያ አካባቢ ዘመድ ያላችሁ የሞት መዝገቡን ስትገልጡ "ማዕድን" የሚለው ቃል ይደጋገምባችኋል። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። የመረጃ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሐና (ኦክ ፓርክ)፦ ደነገጥኩ። የባሌ ቅድመ አያት የዜግነት ወረቀት ላይ "የኩክ ካውንቲ የወንጀል ፍርድ ቤት" ይላል። ወንጀለኛ ነበሩ እንዴ?

ጋሼ፦ አይደሉም። ያኔ ኩክ ካውንቲ ውስጥ የወንጀል ፍርድ ቤቱም ዜግነት ይሰጥ ነበር። አራት ዓይነት ፍርድ ቤት ነበር። አንዱ ጋ ካጣሽ ሌሎቹን ሦስቱን እይ።

ሐና፦ ተመስገን! ሌላ ልጨምር። ስማቸውን ኤሊስ አይላንድ፣ ኒው ዮርክ ያለው የስደተኞች መቀበያ ላይ፣ የኢሚግሬሽን ሰው ነው የቀየረባቸው። የቀድሞውን ስም እንዴት ላግኝ?

ጋሼ፦ አልቀየረውም። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ አላውቅም። የተሳፋሪው ዝርዝር የተጻፈው ሃምቡርግ ወይም ብሬመን፣ መርከቡ ሲነሳ ነው። ኤሊስ አይላንድ ያለው መርማሪ የተጻፈውን ይዞ ነው የሚጠይቀው፤ አስተርጓሚም ነበረው። ስሙን የቀየረው ሰውየው ራሱ ነው። ወይ ፎርማኑ፣ ወይ የልጆቹ አስተማሪ።

ሳምሶን (ዴንቨር)፦ ጋሼ ይቅርታ፣ በዚህ አልስማማም። እኛንስ? እኔ ስመጣ የአባቴ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዘገበ። አባቴን ሳመጣው ደግሞ የአያቴ ስም ሆነበት። ባንክ ስንሄድ አባትና ልጅ ናችሁ ብሎ የሚያምነን የለም። ይህ በመሥሪያ ቤት የተደረገ አይደለም?

ፍሬ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ለዚህ እኮ ነው ለልጆቻችን ሁሉ የአያት ስም አንድ አድርገን የሰጠነው።

ሳምሶን፦ ያ ደግሞ ባህሉን መተው ነው። የአባት ስም የአባት ነው።

ፍሬ፦ ልጄን ከትምህርት ቤት ላወጣው ስሄድ "እናቱ አይደለሽም" ስባል አንተ አልነበርክም!

አወያይ፦ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ይህ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። ወደ ፖላንዶቹ እንመለስ።

ጋሼ፦ ሳምሶን፣ ያንተ ቁጭት እውነት ነው። ግን የእኛ ነገር ሌላ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም ሳይኖረን ቅጹ አምጡ አለን። እነሱ የቤተሰብ ስም ነበራቸው። ሴቷ "ስካ"፣ ወንዱ "ስኪ" ብሎ ይጨርሳል እንጂ ስሙ አንድ ነው።

ሐና፣ ለሥራሽ የሚጠቅምሽ ይኸው። የክርስትና ስም በልማድ ይለወጥ ነበር። ስታኒስዋፍ ስታንሊ ይሆናል። ቮይቼህ አልበርት ይባላል። ቭዋዲስዋፍ ዎልተር፣ ቼስዋፍ ቼስተር፣ ስታኒስዋቫ ስቴላ። ሁለት ሰው እየመሰላችሁ አንዱን ሰው ትጥሉታላችሁ። የቤተሰብ ስም ስትፈልጉ ደግሞ ሳውንዴክስ የሚባለው ማውጫ አለ። ድምፁ የሚመሳሰለውን ስም በአንድ ኮድ ስር ያስቀምጣል። ግን የመጀመሪያውን ፊደል አይነካም። ፖላንዶች "ደብሊው" ብለው የሚጽፉትን "ቭ" ብለው ነው የሚያነቡት። ጸሐፊው የሰማውን በ"ቪ" ከጻፈው ኮዱ ሌላ ነው። ሁለቱንም ፈልጊ።

ኪሩቤል (አትላንታ)፦ የዲ ኤን ኤ ምርመራ አይሻልም?

ጋሼ፦ ዲ ኤን ኤ የመንደር ስም አይነግርም።

ራሔል (ሃይፋ)፦ ከእስራኤል ነኝ። የባለቤቴ አያት ከዋርሶ አቅራቢያ የመጡ አይሁዳዊ ናቸው። ወንድማቸው ፒትስበርግ ሄዶ ጠፋ። የእሱን ወረቀት ካገኘሁ የአያታቸውም ከተማ ይታወቃል ብዬ ነው።

ጋሼ፦ ልክ ነሽ። የወንድም ወረቀት የእህትና የወንድም ሁሉ ወረቀት ነው። ፒትስበርግ ያለው አሌጌኒ ካውንቲ ውስጥ ነው። የመጀመሪያውን ወረቀት እዚያ ፈልጊ፣ "ራሺያ" ብሎ ቢጽፍ አትደንግጪ። የሞት ወረቀቱ የተቀበረበትን መቃብር ይነግርሻል። ከአንድ ከተማ የመጡ አይሁዶች ማኅበር መሥርተው የመቃብር ቦታ በጋራ ይገዙ ነበር። የከተማቸውን ስም በሩ ላይ ያስቀርጹታል። ከተማውን ካገኘሽ ደግሞ በዚያ አካባቢ ከ1826 ወዲህ የአይሁዶች መዝገብ ለብቻው ነው የተያዘው።

ግን የሞት ወረቀት ላይ ስላለው የወላጆች ስም ተጠንቀቂ። ያን የሚያስመዘግበው ሟቹ አይደለም። ልቡ የተሰበረ ልጅ ወይም አማች ነው፣ የሚያውቀውን ያህል ብቻ ይናገራል።

ሚኪ (ቺካጎ)፦ የገዛነው ቤት አሮጌ ነው። የድሮ ባለቤቶቹ ፖላንዶች ነበሩ ይባላል። ማወቅ ይቻላል?

ጋሼ፦ ይቻላል። የካውንቲው የንብረት መዝገብ ላይ ከሻጭ ወደ ገዢ ወደ ኋላ እየቆጠርክ ሂድ። ከጥቅምት 1871 በፊት ግን አትድከም፤ በቺካጎው ቃጠሎ የካውንቲው መዝገብ ተቃጥሏል።

ጽጌ (ለንደን)፦ በባለቤቴ በኩል ለልጆቼ የፖላንድ ፓስፖርት ማውጣት እችላለሁ?

ጋሼ፦ እሱ የጠበቃ ጥያቄ ነው። እኔ አልመልስም።

ዮናስ (ዳላስ)፦ ተመለስኩ ጋሼ። ቴክሳስ ነው። ፖላንድ ያለውን መዝገብ በቀጥታ ብጽፍላቸውስ?

ጋሼ፦ ዮናስ፣ ቴክሳስ ከ250 በላይ ካውንቲ አላት! የትኛው ነው? ካርንስ ካውንቲ ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ነህ። ፓና ማሪያ የምትባለውን መንደር ከላይኛው ሲሌዥያ የመጡ ሰዎች በ1854 በገና ዋዜማ ነው የመሠረቷት። ከዚያ ከሆኑ ፍለጋህ ይጠባል። ካልሆነ አማትህን ደውለህ ጠይቅ። መንደሩን ሳታገኝ ባሕር አትሻገር።

ፍሬ፦ ጋሼ፣ ፖላንድ የደረሰ ሰውስ? ባለቤቴ አንድ ወረቀት አግኝቶ ሁለት ቀን አለበት። የትኛው ነው ትክክሉ?

ጋሼ፦ ሁለቱም። ይህ ለእኛ ሊከብደን አይገባም፤ በሁለት አቆጣጠር ነው ያደግነው። ራሺያ በያዘችው ምድር ጸሐፊዎቹ የራሺያውንም የምዕራቡንም ቀን ይጽፉ ነበር። ልዩነቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን 12 ቀን ነው፣ ከ1900 ወዲህ 13። ኋለኛው ቀን የምዕራቡ ነው። ከ1868 ወዲህ ደግሞ ጽሑፉ ራሱ በራሺያኛ ነው። ፊደሉን ቁጭ ብሎ ይማር። የስሞቹን ፊደል ለመለየት ብዙ አይፈጅም።

ቤዛ (ሚልዋኪ)፦ ጋሼ! ይኼን ሁሉ እያነበብኩ ለአማቴ ደወልኩ። የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት ነበራቸው። ፎቶ አንስተው አሁን ላኩልኝ። የመጀመሪያው ወረቀት ነው። 1909 ይላል!

ጋሼ፦ እሰይ! ለምን ቤት እንደቀረ ታውቂያለሽ? የራሳቸው ቅጂ ነው። ሁለተኛውን ማመልከቻ ቢያስገቡ ኖሮ አብረው ለፍርድ ቤቱ ያስረክቡት ነበር። የተወለዱበትን አንብቢልኝ።

ቤዛ፦ "ኖቫ ቪየሽ፣ ራሺያ"። አገኘሁት ማለት ነው?

ጋሼ፦ ገና። ኖቫ ቪየሽ ማለት "አዲስ መንደር" ማለት ነው። በእኛ አገር አዲስ ዓለም እንደሚበዛው እዚያም ሞልቷል። የመጨረሻ መኖሪያ የሚለው መስመር ላይ ምን አለ?

ቤዛ፦ ጸሐፊው አበላሽቶታል። "ፕሎንስክ" ይመስላል።

ጋሼ፦ ፕዎንስክ ነው። ከዋርሶ በስተ ሰሜን ምዕራብ። ፍለጋሽን ከዚያ ዙሪያ ጀምሪ። ጌኔቴካ የሚባለው የፖላንዶች የነጻ ማውጫ የዚያን አካባቢ ደብሮች ብዙ ይዟል። ግን ከዚያ በፊት መርከቡንና የደረሱበትን ቀን ጻፊልኝ። ከ1907 አጋማሽ ወዲህ ከሆነ የተሳፋሪው ዝርዝር አገር ቤት የቀረውን የቅርብ ዘመድ ስምና አድራሻ ይጠይቃል። አባታቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

ቤዛ፦ መርከቡ ከብሬመን ነው የተነሳው። ሚያዝያ 1908።

ጋሼ፦ ደህና። ዝርዝሩ ሁለት ገጽ ነው፤ የዘመዱ ስም ያለው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። ሁለቱንም አውጥተሽ ላኪልኝ። ለአማትሽም ንገሪያቸው፣ ያንን ወረቀት ወደ ቆርቆሮው እንዳይመልሱት። እጥፋቱ ላይ ይቀደዳል። ዘርግተው በወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ያኑሩት።

ቤዛ፦ እየደወልኩላቸው ነው።