ቲቪው «ኖ ሲግናል» ካለህ ገመዱን ለመቀየር አትቸኩል

ወንድሜ ዴስክቶፕህን በኤችዲኤምአይ ከቲቪ ጋር አገናኝተህ «ኖ ሲግናል» ብቻ እያለህ ነው፣ ገመድ ልቀይር ወይ ነው ጥያቄህ አይደል? ቆይ እስቲ። እኔ ሦስት ገመድ ከገዛሁ በኋላ ነው ችግሩ የገመድ እንዳልሆነ የገባኝ፣ አሁን መሳቢያ ውስጥ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል።

መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ጀርባ እይ። ግራፊክስ ካርድ (ምስል የሚያወጣ ለብቻው የሚገጠም ካርድ) ካለው ኤችዲኤምአይ ሁለት ቦታ ሊኖር ይችላል፣ አንዱ ከዩኤስቢዎቹ ጋር ያለው የማዘርቦርዱ (የዋናው ሰሌዳ) ነው፣ ሌላው ከሱ ዝቅ ብሎ ያለው የካርዱ። ካርድ ሲኖር ብዙ ጊዜ የማዘርቦርዱ አይሰራም፣ እዛ ሰክተህ እስኪነጋ ብትጠብቅ ምንም አይመጣም፣ የኔም ጉድ ይሄው ነበር። ካርዱ ላይ ሰካው። ቲቪው ላይ ደግሞ በሪሞቱ ሶርስ የሚለውን ተጫንና የሰካህበትን ቁጥር ምረጥ፣ ኤችዲኤምአይ 2 ላይ ሰክቶ 1 ላይ አፍጥጦ የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል። ከዛ ኪቦርዱ ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከፒ ጋር አንድ ላይ ተጫንና ዱፕሊኬት በለው።

ምስሉ ሲመጣ ዳር ዳሩ ተቆርጦ ታች ያለው ታስክባር ግማሹ ሊደበቅብህ ይችላል። እዚህ ጋ አብዛኛው ሰው ሬዞሉሽን (የምስሉን የነጥብ ብዛት) መቀነስ ይጀምራል፣ እሱ ፊደሉን ከማደብዘዝ ሌላ ጥቅም የለውም። ጥፋቱ የቲቪው ነው፣ ድሮ የቱቦ ቲቪ ዳሩ ስለማያምር ምስሉን ትንሽ አትልቀው ዳሩን ይደብቁት ነበር፣ ያ ልማድ ነው እስካሁን አብሮን ያለው። የቲቪው የምስል መጠን ማስተካከያ ውስጥ ግባና ጀስት ስካን ወይ ስክሪን ፊት ወይ 1:1 የሚል ፈልግ፣ ስሙ እንደ ቲቪው ይለያያል። አንዳንዱ ቲቪ ላይ የመግቢያውን ስም ፒሲ ብለህ ስትቀይረው ፊደሉም ጥርት ይላል።

ድምፁ ከኮምፒውተሩ ከወጣ ታች በቀኝ በኩል የስፒከሯን ምልክት ነክተህ የቲቪውን ስም ምረጥ፣ በቃ።

ኮምፒውተራችሁ የድሮ ሆኖ ቪጂኤ (የድሮው የስክሪን መሰኪያ) ብቻ ያለው ሰዎች ደግሞ፣ በአንድ በኩል ቪጂኤ በሌላው ኤችዲኤምአይ የሆነችውን ባዶ ገመድ እንዳትገዙ፣ ቪጂኤ አናሎግ ነው ኤችዲኤምአይ ዲጂታል ነው፣ መሀል ላይ የሚቀይር ኮንቨርተር የግድ ነው፣ ያውም «ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ» የሚል መሆን አለበት፣ የተገላቢጦሹ አይሰራም። ቪጂኤ ድምፅ ስለማይወስድ የድምፅ መሰኪያ ያለውን ምረጡ።

ቲቪህ ፎርኬ ከሆነና ማውሱ እየተጎተተ ካስቸገረህ 30 ኸርዝ (ምስሉ በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ የሚታደስበት) ላይ ሆኖ ይሆናል፣ የቆየው የኤችዲኤምአይ ስሪት 1.4 በፎርኬ ከዛ ብዙም አያልፍም፣ እዚህ ጋ ግን ሬዞሉሽኑን ወደ 1080 አውርደህ 60 ኸርዝ አድርገው። ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልመጣ የኮምፒውተሩን ጀርባ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልንና እናየዋለን።