በፕላስተር የተጠቀለለው ራኬት

ባለፈው እሁድ አንድ የሰፈራችን ልጅ «ጋሼ፣ እግር ኳሱንም ቴኒሱንም ይዤ ልቀጥል ወይስ አንዱን ልተው?» አለኝ። ቀላል ጥያቄ ነው። እንቅልፍ ግን ነሳኝ።

የስፖርት መምህር ሳለሁ አንድ ተማሪ ነበረኝ። መረብ ኳስ ላይ ሲዘል ያስቀናል። ምሳ ሰዓት ደግሞ ከጠረጴዛ ቴኒሱ አይጠፋም። የራኬቱ ጎማ ተላጧል፤ እጀታው የተጠቀለለበት ነጭ ፕላስተር በላብ ጠቁሯል። የውድድር ሰሞን ልምምድ ላይ ሁለቴ አረፈደብኝ። ጠራሁትና በጓደኞቹ ፊት «ሁለት ወዶ አይሆንም፣ ምረጥ!» አልኩት። ራኬቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወጣ። መረብ ኳሱን መረጠልኝ ብዬ ደስ አለኝ። በማግስቱ እዚያም አልመጣም። ከዚያ በኋላም አልመጣም። ጠረጴዛ ቴኒስ ሲጫወት አንድም ቀን ቆሜ አይቼው አላውቅም። ራኬቱ መሳቢያዬ ውስጥ ከረመ፤ ሥራ ስለቅ ለዘበኛው ልጅ ሰጠሁት።

የአሜሪካዊውን የቤዝቦል ተጫዋች የጆርጅ ራይትን ታሪክ ያነበብኩት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። አባቱ ኒው ዮርክ ውስጥ በክሪኬት ይተዳደር ነበር፤ ልጁም የጀመረው በክሪኬት ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 የሲንሲናቲው ሬድ ስቶኪንግስ ለተጫዋቾቹ ሁሉ በግልጽ ደመወዝ የሚከፍል የመጀመሪያው የቤዝቦል ቡድን ሲሆን፣ ትልቁ ደመወዝ የእሱ ነበር፤ 1,400 ዶላር። ቡድኑን የሚመራው ወንድሙ ሃሪ እንኳ 1,200 ነው ያገኘው። ያኔ ኳስ መያዣ ጓንት የለም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ (ሯጮች በሚረግጧቸው ማረፊያዎች) መሀል ቆሞ የሚከንፈውን ኳስ በባዶ እጁ ይለቅማል።

በኋላ ቦስተን ውስጥ የስፖርት ዕቃ ነጋዴ ሆነ፤ ቴኒስም ተጠናወተው። በ1899 ወጣት ቴኒሰኞችን ይዞ እስከ ምዕራብ ጠረፍ ለግጥሚያ ወሰዳቸው። አንደኛው ድዋይት ዴቪስ ነበር፤ በዓመቱ በስሙ የሚጠራውን፣ አገሮች በቴኒስ የሚፎካከሩበትን ዴቪስ ካፕ የተባለ ዋንጫ ያበረከተው። የራይት ልጅ ቢልስ ደግሞ በ1904 ሴንት ሉዊስ ኦሊምፒክ በቴኒስ ወርቅ ወሰደ።

የዛሬ ልጆች ሳምንት ሳይሞላችሁ ጥላችሁ ሌላ ትጀምራላችሁ። ይሄ ሁለት መያዝ አይደለም። ደግሞ እውነቱን እናውራ ካላችሁ፣ ራይትም ደመወዙ ሲመጣ ያስቀደመው ቤዝቦሉን ነው። እና ምረጥ ማለቴ ያን ያህል ስህተት ላይሆን ይችላል። በጓደኞቹ ፊት መሆኑ ነው የሚቆጨኝ።

ለልጁ ገና አልመለስኩለትም። ቅዳሜ ሜዳ እመጣለሁ ብዬዋለሁ፤ መጀመሪያ ሁለቱንም ሲጫወት ልየው።