መልስ፦ የአደይ አበባው ቢጫ ለምን ይበላሻል?

ተማሪዎችሽ በውሃ ቀለም ሲስሉ የአደይ አበባው ቢጫ ለምን እንደሚበላሽ፣ ወረቀቱም ለምን እንደሚጨማደድ ጠይቀሻል። ቢጫው መጀመሪያ ይቀባ፣ አረንጓዴው ኋላ ይምጣ። የክረምት ተማሪዎችሽ ለእንቁጣጣሽ ሲስሉ ሜዳውን አስቀድመው አረንጓዴ ቀብተው አደይ አበባውን ከላዩ ላይ ስለሚያደርጉት ነው ቢጫው የሚጠፋው። የውሃ ቀለም ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለውን አይሸፍንም።

እንዲህ አሠሪያቸው፦

1. አበባዎቹን በእርሳስ ሳሳ አድርገው ይንደፉ።
2. በንጹሕ ብሩሽ ቢጫ ይቀቡ። መሐሉ ላይ ብርቱካናማ ጠብ ቢያደርጉ ያምራል።
3. ይድረቅ። በእጅሽ ጀርባ ስትነኪው ከቀዘቀዘሽ ገና ነው።
4. ሳሩን በአበባዎቹ ዙሪያ ይሙሉ።

ለቢጫ ብቻ የሚሆን የብሩሽ ማጠቢያ ውሃ ለይ። ሁሉም አንድ ጣሳ ውስጥ ሲያጥቡ ቢጫው ጭቃ ይመስላል።

ወረቀቱ የሚጨማደደው የፎቶኮፒ ወረቀት ውሃ ስለማይችል ነው። ወፈር ያለ የስዕል ወረቀት ከጠፋ አራቱን ጠርዝ በፕላስተር ጠረጴዛው ላይ ለጥፊው፣ ሳይደርቅም አታንሺው። ልጆቹም ብሩሹን ጨርቅ ላይ ጠረግ እያደረጉ ይቀቡ። (መቼም ውሃ ማብዛት ይወዳሉ!)

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። የነሐሴ ዝናብ ባለበት ቀለም ቶሎ አይደርቅም። ደራርበሽ ቁም ሣጥን ውስጥ አትክተቺ፤ አንዱ ልጅ የሳለው መልአክ ክንፉ ከሌላው ስዕል ጀርባ ላይ ተለጥፎ ሲወጣ አይቻለሁ። ልጁ ደግሞ መስከረም 1 ጠዋት ለጎረቤት የሚያድለው እሱኑ ነው። ገመድ ወጥረሽ በልብስ መቆንጠጫ ስቀያቸው፣ ቢያንስ እስከ ማግስቱ።