ጥያቄና መልስ፦ የእጅ ፍሬኑ ቁልፍ ሲሆን ዳገት ላይ እንዴት እንነሳ?

የዛሬው ጥያቄ በማኑዋል መኪና ዳገት ላይ ስለመነሳት ነው። የእጅ ፍሬናችሁ ዘንግ ሳይሆን «ፒ» የተጻፈበት ቁልፍ ለሆነባችሁ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር፦ መኪና በፍሪሲዮን ተይዞ አይቆምም።

የሽሮ ሜዳው፦ ጋሼ፣ ከድሮ ኮሮላ ወደ ጎልፍ 7 ቀየርኩ። በፊት ዘንጉን ይዤ ቀስ እያልኩ እለቅ ነበር። አሁን የሚያዝ ነገር የለም። ወደ እንጦጦ ስወጣ ሚኒባስ ከኋላ ሲጠጋኝ እደነግጣለሁ።

መልስ፦ ጥሩ ጠየቅክ። ስትቆም ቁልፉን ሳብ። ስትነሳ ግን አትንካው፤ ፍሬኑን መኪናው ራሱ ይለቀዋል። ቀበቶህን እሰር፣ በሩን በደንብ ዝጋ። ያለዚያ አይለቅልህም። ከዚያ ፍሪሲዮን ርገጥና አንደኛ አስገባ። ነዳጅ ትንሽ ስጥ። ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገህ ልቀቅ። የሞተሩ ድምፅ ወፈር ይላል፣ አፍንጫው ቀና ይላል። እዚያ ጋ እግርህን አቁም! ነዳጅ ጨመር ስታደርግ ፍሬኑ ይለቃል፣ መኪናው ይሄዳል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ 3,000 ያልፋል። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባለት) የሌለው ሞተር እዚያ ላይ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ቱርቦ ያለውም ቢሆን ገና ስትነሳ፣ ዙሩ ዝቅ ባለበት፣ ቱርቦው አልነቃም። ስለዚህ አውሮፓ የተቀረጸ ቪዲዮ «ነዳጅ ሳትነካ በሚኒሞ ልቀቅ» ቢልህ አትስማው። እዚህ ሞተሩ ይጠፋብሃል።

የአያት ሰፈሯ፦ ሂል አሲስትና አውቶ ሆልድ አንድ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። ሂል አሲስት ዳገት ላይ እግርሽን ከፍሬን ካነሳሽ በኋላ መኪናውን ሁለት ሰከንድ ያህል ብቻ ይይዛል። አውቶ ሆልድ እስክትነሺ ይይዛል።

ከሽቱትጋርት፦ እዚህ ለመንጃ ፈቃድ ፈተና አውቶ ሆልድ መጠቀም ይፈቀዳል?

መልስ፦ አስተማሪሽን ጠይቂ።

አዲስ ገቢ፦ መኪናዬ አይነሳም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የቱ መኪና? ሞተሩ ነው የማይነሳው ወይስ ፍሬኑ የማይለቀው? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

የገርጂው፦ ይሄ ሁሉ ለምን? የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ተከልክሏል። ኤሌክትሪክ ግዙ፣ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የለውም።

የሽሮ ሜዳው፦ ያለንን የት እንጣለው?

የገርጂው፦ ሽጠው!

የአያት ሰፈሯ፦ ማን ይገዛዋል? ደግሞስ ክፍለ ሀገር የት ቻርጅ ይደረጋል?

መልስ፦ ይህን ሌላ ቀን ተከራከሩበት። ወደ ዳገቱ።

የቃሊቲው፦ ሰልፉ ቀስ እያለ ሲሄድ በየሜትሩ ከማቆም በፍሪሲዮን ብይዘውስ?

መልስ፦ መጀመሪያ ላይ የጻፍኩትን አላነበብክም። አይያዝም! ዲስኩ እየተንሸራተተ ይግላል፣ ይበላል። የተቃጠለ ሽታ ከሸተተህ ጉዳቱ ደርሷል። ፍሪሲዮን ለማስቀየር ካምቢዮ ይወርዳል። የፊተኛው ራቅ እስኪል በፍሬን ጠብቅ፣ ከዚያ አንዴ ተነሳ።

የሳሪሷ፦ ባትሪው ሞቶ ፍሬኑ አልለቅ ቢለኝ?

መልስ፦ ፍሬኑ የሚለቀው በኤሌክትሪክ ነው። ከሌላ መኪና በኬብል አስነሺ። አታስገፊው፤ የኋላ ጎማዎቹ ታስረዋል። የኋላ ፍሬን ሸራ ስታስቀይሪም ፍሬኑን በኮምፒውተር የሚከፍት መካኒክ ፈልጊ። በጉልበት የሚጫን ሰው ፍሬኑን የምታጠብቀውን ትንሿን ሞተር ይሰብራታል።

አዲስ ገቢ፦ ታዲያ ቁልፉን ለመነሳት መቼ ነው የምጫነው?

መልስ፦ ለሽሮ ሜዳው የመለስኩትን አንብብ። ቀበቶህንም እሰር።

የሽሮ ሜዳው፦ ጋሼ፣ የመጨረሻ። ፍሬኑ ለቆ ወደ ኋላ ቢንሸራተትብኝስ?

መልስ፦ ፍሬንና ፍሪሲዮን አንድ ላይ ርገጥ። ቁልፉን ሳብ። እንደገና ከአንደኛ ጀምር። ሚኒባሱ ጥሩምባ ቢነፋም ይጠብቅህ፤ አትቸኩል።