ጎልደኑን አይላጩት

በአሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «ሁለት ውሾች፣ አንድ ጎልደን ሪትሪቨርና አንድ ጥቁር ላብራዶር፣ አሉን። ሶፋው ጸጉር፣ መኪናው ጸጉር፤ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ስል ነጠላዬን ስለቅም አረፍዳለሁ። የሐምሌው ሙቀት ሳይመጣ ጎልደኑን በማሽን ላስላጨው?»

አይላጩት። ውሻ በማጠብና በማበጠር ሥራዬ ላይ ይህን የመሰለ ለመጠገን የሚያስቸግር ጥፋት አላየሁም። የሁለቱም ጸጉር ድርብ ነው፤ ላይኛው ጠንካራና ውኃ የማያስገባ፣ ታችኛው እንደ ባዘቶ የለሰለሰ። በጸደይና በመኸር በብዛት የሚረግፈው ባዘቶው ነው። ቢላጭም መርገፉ አይቆምም፤ የሚረግፈው ያጥራል እንጂ፤ አጭሩ ደግሞ ጨርቅ ውስጥ ስለሚሰካ ለመልቀም ይብሳል። ቆዳው በፀሐይ ይጎዳል፤ ጸጉሩም አንዳንዴ ቦታ ቦታ እየዘለለ፣ መልኩን ቀይሮ ይበቅላል።

ነጠላዎ ላይ የሚያገኙት ጥቁር ጸጉር ከሆነ ደግሞ ጎልደኑን በከንቱ አይውቀሱ። ላብራዶር ጸጉሩ አጭር ስለሆነ የማይረግፍ ይመስላል፤ የሚያጸዳ ሰው ግን ያውቀዋል። እሱን በላስቲክ ብሩሽ እያዞሩ ይሹት። ለጎልደኑ ጥርሱ ረጅምና ሰፋ ያለ ማበጠሪያ ያስፈልጋል፤ ጸጉሩን በእጅዎ ወደ ላይ ገልጠው፣ ከቆዳው ጀምረው፣ ረድፍ በረድፍ ያበጥሩ። ከጆሮው ኋላና ከኋላ እግሮቹ መካከል ያለውን ሳያበጥሩ አይለፉ፤ የሚቋጠረው እዚያ ነው። ምላጭ ያለው መሣሪያ ከያዙ እጅዎን ያቅልሉ፤ የላይኛውን ጸጉር ይቆርጣል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃል፤ በሚረግፍበት ወቅት ግን በየቀኑ፣ ያውም ደጅ።

ከመታጠቡ በፊት ያበጥሩት፤ የተቋጠረ ጸጉር ሲረጥብ ይጠብቃል። ለብ ባለ ውኃ አጥበው እስከ ቆዳው ያድርቁት። የጎልደን ጸጉር ሥር እርጥበት ከታፈነ ቆዳው ይቆስላል።

(ጸጉሩ እንደ በግ የተጠቀለለ ሪትሪቨር ያለው ጎረቤት ካለዎት ምክሬን አያውሱት። እሱን በደረቁ ማበጠር እንደ ጎፈሬ ያቆመዋል።)

ከሚረግፈው ሥር ባዶ ቆዳ ከታየ፣ ውሻው ያለ ዕረፍት ካከከ፣ ወይም የጎኖቹና የጅራቱ ጸጉር ሳስቶ ክብደት ከጨመረ ማበጠሪያውን አስቀምጠው ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። በጎልደን ላይ የታይሮይድ እጢ ድክመት የተለመደ ነው፤ በደም ምርመራ ይታወቃል።

ለሶፋው ደግሞ የዕቃ ማጠቢያ የላስቲክ ጓንት በትንሹ አርጥበው ወደ አንድ አቅጣጫ ይጥረጉት፤ ጸጉሩ እየተጠቀለለ ይነሣልዎታል።