በኤክስሬይ ክፍል የወሰድሽው ጨረራ በደም ምርመራ ይታወቃል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ደሴ ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ያለ ዶዚሜትር፣ ማለትም ሠራተኛ የሚያገኘውን ጨረራ የሚለካ መሣሪያ ሳይኖርሽ፣ ኤክስሬይ ስታነሺ እንደቆየሽ፣ አንድ ሰው ደግሞ «ተራ የደም ቆጠራ ይበቃሻል» እንዳለሽ ጽፈሻል። አብሽሪ። እኔም የወሎ ልጅ ነኝ፤ በክሮሞሶም ላቦራቶሪ ማይክሮስኮፕ ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ።

ቆጠራው አይበቃም። በጨረራ ምክንያት ነጭ የደም ሕዋስ በግልጽ የሚቀንሰው መጠኑ ከባድ አደጋ የሚባል ሲሆን ነው። ትንሽ ቢቀንስብሽ ከቀላል ሕመምም ሊመጣ ይችላል።

የጨረራን አሻራ የሚይዘው ክሮሞሶም፣ በሕዋስ ውስጥ ያለው የዘር ውርስ ተሸካሚ ክር፣ ነው። ሁለት ክሮሞሶሞች ተሰብረው ስብራቶቹ ያለቦታቸው ሲገጣጠሙ፣ አንድ ወገብ (ሴንትሮሜር፣ ክሩ የሚጠብበት ቦታ) ብቻ ሊኖረው የሚገባው ክሮሞሶም ሁለት ወገብ ይዞ ይገኛል፤ ዳይሴንትሪክ ይባላል። ጨረራ ባላገኘው ሰው ከ1,000 ሕዋስ አንድ ወይም ሁለት ቢታይ ነው። በአንድ ጊዜ 1 ግሬይ (ሰውነት የተቀበለው የጨረራ መጠን መለኪያ) የጋማ ጨረራ የወሰደ ሰው ግን ከ100 ሕዋስ ስምንት ዘጠኝ ያህል ይታይበታል። በ1987 እ.ኤ.አ. ብራዚል ጎያኒያ ውስጥ ከተተወ የሕክምና መሣሪያ የወጣ ሲዝየም የተባለ ጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገር ብዙ ሰው በጎዳ ጊዜ፣ የተጎጂዎቹ መጠን የተገመተው በዚህ ዘዴም ጭምር ነው።

ደሙ በ37 ዲግሪ ለ48 ሰዓት ይያዝና ሊምፎሳይቶቹ (ከነጭ የደም ሕዋሳት አንዱ ዓይነት) መከፋፈል ሲጀምሩ ኮልሴሚድ በሚባል መድኃኒት ይገታሉ። ቀሪው፣ በማይክሮስኮፕ ዳይሴንትሪክ ፍለጋው፣ ጤፍ ውስጥ ጠጠር እንደ መልቀም ነው። የተጣመመ ክሮሞሶም ሁለት ወገብ ያለው መስሎ ያታልላል። ስለዚህ ዳይሴንትሪክ ባየሁ ቁጥር ከስብራቱ የተረፈውን ወገብ አልባ ቁራጭ እፈልጋለሁ፤ ከእሱ ጋር ተደምሮ በሰው ሕዋስ የሚገኘው 46 ካልሞላ ለመመዝገብ አልቸኩልም።

ለአንቺ ግን ይህ ምርመራ አይሆንም ስልሽ ከልቤ ነው። 1,000 ሕዋስ ቢቆጠር እንኳ ከ100 ሚሊግሬይ በታች ያለውን በተፈጥሮ ከሚገኘው መለየት ያስቸግራል። ለሠራተኛ የሚፈቀደው በዓመት በአማካይ 20 ሚሊሲቨርት (በኤክስሬይ 1 ሚሊሲቨርት ከ1 ሚሊግሬይ ጋር እኩል ይታሰባል) ስለሆነ፣ ሁለቱንም ዓመት ጣሪያውን ብትነኪ 40 ነው። በዚያ ላይ ዳይሴንትሪክ የያዙ ሕዋሳት በጊዜ ሂደት ይጠፋሉ። «ምንም አልተገኘም» የሚል ወረቀት ምንም አልወሰድሽም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ለአሠሪሽ መሸሸጊያ እንዳይሆን እፈራለሁ። ለቆየ ጨረራ ክሮሞሶሞችን በቀለም ለይቶ ትራንስሎኬሽን (ክሮሞሶሞች ቁራጭ ሲለዋወጡ የሚፈጠር ለውጥ) የሚቆጥር ዘዴ አለ፤ እሱም ቢሆን በዕድሜና በሲጋራ ስለሚጨምር በትንሽ መጠን አያስተማምንም።

ይልቅስ መዝገቡን አውጪ። በቀን ስንት ፊልም እንደምታነሺ፣ ማሽኑ በምን ያህል ኪሎቮልት እንደሚሠራ፣ የት ትቆሚ እንደነበር፣ ግድግዳውና በሩ እርሳስ ይኑረው አይኑረው ጻፊ። የጨረራ መከላከያ ባለሙያ ከዚህ ተነሥቶ፣ ክፍሉንም ለክቶ፣ ከደሙ የተሻለ ግምት ይሰጥሻል። ዶዚሜትሩን ደግሞ ዛሬውኑ በደብዳቤ ጠይቂ፣ ቅጂውንም ያዢ። ሠራተኛን ያለ መለኪያ ጨረራ ክፍል ማቆም በደል ነው።

የክሮሞሶሙ ምርመራ የሚያስፈልገው ድንገተኛ አደጋ ሲደርስ ነው፤ ለምሳሌ ብየዳ በጋማ ጨረራ የሚፈትሽ ሰው የጨረራ ምንጩ ወደ መያዣው ሳይመለስ አጠገቡ ከቆየ። ያኔ ደሙ የሚቀዳው አንድ ቀን ያህል ቆይቶ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሄፓሪን ባለው ቱቦ ነው፤ ለተራ ቆጠራ የምንጠቀምበት ባለ ሐምራዊ ክዳኑ የኢዲቲኤ ቱቦ አይሆንም። እንደ ሌላው ናሙና በረዶ ላይ አይቀመጥም፣ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚስማማው። በመኪና ወደ አዲስ አበባ ከተላከ የከሚሴና የሸዋ ሮቢት ሙቀት እንዳያገኘው ሣጥኑ ይሸፈን። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ከሆነ «በኤክስሬይ እንዳይፈተሽ» ተብሎ በትልቁ ይጻፍበት፤ አንድ ዶዚሜትርም ከናሙናው ጋር ይግባ፣ በመንገድ ጨረራ አግኝቶት ከሆነ ይታወቃል።